ሁለት ሄዶ አንድ የሚመለስ ስፌት

ይመሬ፣ ዓለሜ፣

አላህ ቀብርህን ያስፋልህ፣ ጀነተል ፊርደውስ ይወፍቅህ። ከተለየኸኝ ወዲህ ረመዳንም ዐረፋም ያላንተ አለፉ። የባል ሐዘን ወራቴን፣ ዒዳዬን ጨርሻለሁ። ጥቁሩን አባያ ግን አልቀየርኩም፤ መቼም እዚህ ዐረብ አገር ሴቱ ሁሉ ጥቁር ስለሚለብስ ሐዘኔን ለይቶ የሚያውቅልኝ የለም። ደህና ነኝ ብዬ ልጽፍልህ ነበር የተቀመጥኩት። ደህና አይደለሁም፣ ተናድጃለሁ። የተናደድኩትም ባንተ ነው። ጥለኸኝ ስለሄድክ አይደለም፣ እሱስ የአላህ ሥራ ነው። ስለ ጦይባ ነው። አዎ፣ ስለ መጀመሪያዋ ሚስትህ።

ቆይ፣ መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርህ፤ ናፍቆህ ይሆናል። ከተማችን አል-ዒዳቢ እንዳለች ናት፤ ሙቀቷም፣ አቧራዋም፣ ከፈይፋ ተራራ ቁልቁል የሚወርዱት ፒካፖች ጡሩምባም። አሠሪህ ሽማግሌው፣ ሸይባው፣ ከግቢው ጥግ ያለችውን ክፍላችንን አልነጠቀኝም። ሚስቱን ጉልበቷ ስለያዛት የማነሳት የማስቀምጣት እኔ ነኝ። እኔ እያለሁ ማንም ፖሊስ ይህን ግቢ አልፎ የመኖሪያ ፈቃድሽን፣ ኢቃማሽን አምጪ አይልሽም ይለኛል፤ የፖሊስ ቅኝት፣ የዶሪያ መኪና ባለፈ ቁጥር ግን ከበሩ ኋላ መደበቄ አልቀረም። ፍየሎቹ ወልደዋል። ካንተ በኋላ ሸይባው አንድ የመናዊ አምጥቶ እንጨት መቅረጫ ቶርኖህ ላይ አቆመው። ከልብስ ማጠቢያ ሞተር በገዛ እጅህ የገጣጠምካት ቶርኖ ለባዕድ አልመች አለች። ሰውየው መሮውን ገና ሲያስጠጋ እንጨቱ ተፈናጥሮ ግድግዳውን መታው፤ ሁለተኛ አልተመለሰም። ሸይባውም ኸላስ ብሎ በላስቲክ ሸፈናት። እሰይ አልኩ። ወላሂ ደስ አለኝ፤ በሌላ ሰው እጅ ስትሽከረከር ከማያት ብትዝግ ይሻለኛል።

ቅናቴን መቼም ታውቀዋለህ። በሰው ብቻ መቼ ሆነና! በእንጨትም ቀንቼ አውቃለሁ። እዚህ ሲድር የሚሉትን ቁርቁራ ከሸለቆው እርጥቡን አምጥተህ ቶርኖው ላይ ታስረዋለህ፣ በመሮ ሆዱን ታወጣለህ፣ ከዚያ ያንን ያልደረቀ የእንጨት ማሰሮ ከገዛ ሰጋቱራው ጋር ጆንያ ውስጥ ትቀብረዋለህ። በየጊዜው ጆንያውን ፈተህ በመዳፍህ ስትዳስሰው፣ እኔ ታምሜ ብተኛ እንኳ እንዲህ አይዳብሰኝም እያልኩ እነጫነጭ ነበር። አንተ ትስቃለህ።

እርጥብ እንጨት ሲደርቅ መሰንጠቁ አይቀርም። ሌላው ሠሪ ስንጥቁን በሙጫና በሰጋቱራ ደፍኖ፣ ቀለም ቀብቶ ይሸጠዋል። አንተ አትደፍንም። ስንጥቁ ሄዶ ሄዶ እስኪበቃው ትጠብቀዋለህ፤ ሲቆም ጫፉ ላይ አንዲት ቀዳዳ ትበሳለታለህ፣ ከዚህች አያልፍም ትላለህ። ከዚያ ግራና ቀኙን በጥቃቅን ቀዳዳ በሳስተህ በመዳብ ሽቦ ትሰፋዋለህ። ሽቦው ሁለት ቀዳዳ ወደፊት ይሄዳል፣ አንድ ይመለሳል። እንደገና ሁለት ይሄዳል፣ አንድ ይመለሳል። ሲያልቅ ስንጥቁ ጌጥ ሆኖ ቁጭ! የፈይፋ ማር ነጋዴዎች ደህናውን ማሰሮ ትተው የተሰነጠቀውን ይመርጡ ነበር። ሚስቶቻቸው በጣታቸው ሽቦውን እየተከተሉ ማሻአላህ፣ ማሻአላህ ሲሉ እኔ ከበሩ ኋላ ሆኜ እንዴት እንደምገላምጣቸው አንተ ብቻ ነህ የምታየው።

አንድ ጊዜ ፈይፋ ይዘኸኝ ወጣህ፣ አልረሳሁም። በዚያ ጠመዝማዛ መንገድ ፒካፑ ኋላ ተቀምጬ አንጀቴ እስኪወጣ ሳስመልስ ነበር የደረስነው። አንዲት አሮጊት የእናቷ የቅቤ ማሰሮ ተሰነጠቀባትና አንተን ደጃፏ ላይ አስቀምጣ አሰፋችህ። ሴትዮዋ የኔን አያት ታህላለች፤ እኔ ግን አኩርፌ ከመኪናው አልወርድም አልኩ። ስትጨርስ በተረፈው ሽቦ ቀለበት ጠምዝዘህ አመጣህልኝ። ጣቴን አረንጓዴ አደረገው። ሳሙና ቢሉ፣ አሸዋ ቢሉ አልለቅ አለ፤ እኔም ማጠቡን ተውኩት።

ስንጋባ ወርቅ አልነበረህም። የሌሎቹ ሴቶች ባሎች ለመህር ቀለበትና አምባር ሲያመጡ አንተ የተሰነጠቀ ማሰሮ ይዘህ መጣህ። ኒካሑን ያሰሩልን ሼኽ ማሰሮውን አገላብጠው አዩና፣ ልጄ ይህን ለመህርሽ ወደሽ ተቀብለሻል ወይ ሲሉኝ ሰው ሁሉ ሳቀ። ተቀብያለሁ አልኩ። ምነው አልቀበል! በሽቦ የሰፋኸው የመጀመሪያው ማሰሮ እሱ ነበር፤ ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ሥራ በዚህ አገር ማንም አላየም። እኔም ለኔ ብሎ የፈለሰፈው ነው አልኩ። ማን አስተማረህ ብዬ ስጠይቅህ እጄ ያመጣው ነው ብለህ ዝም አልክ፤ ያንን ዝምታ ፍቅር ነው ብዬ ወሰድኩት። በሄድኩበት ሁሉ፣ አሐድ አል-መሳርሐ አትክልት እርሻ ላይ ለሚሠሩት ለአገሬ ልጆች ሳይቀር፣ የናንተ ወርቅ በየሱቁ ሞልቷል፣ እንዲህ ያለ ስፌት ግን ከኔ በቀር የተፈለሰፈላት ሴት የለችም እያልኩ አፌን ሞልቼ ተኩራርቻለሁ።

ጦይባ እንዳለች አውቅ ነበር። ከመጀመሪያው አልደበቅከኝም፤ ወሎ ሚስት አለችኝ፣ ሴት ልጅም አለችኝ፣ ቀለባቸውን እልካለሁ አልክ። እሺ አልኩ። የሷ ድርሻ እዚያ፣ የኔ ድርሻ እዚህ፣ መሀላችን ባሕር አለ ብዬ ተጽናናሁ።

ከዚያ ያ ትኩሳት መጣ። ታስታውሳለህ? ምኑን ታስታውሳለህ፣ ትቃዥ ነበር እኮ። ግንባርህን በእርጥብ ጨርቅ እያበረድኩ ስቀመጥ እጅህ ብርድ ልብሱ ላይ ሽቦ ይጎትት ነበር፤ ሁለት ይሄዳል፣ አንድ ይመለሳል። ስም ትጠራ እንደሆነ ብዬ ጆሮዬን ከንፈርህ ላይ ደቀንኩ። ሸሃዳህን ስትል እንኳ መሀል ላይ የማን ስም ይወጣ ይሆን እያልኩ ነበር፣ አላህ ይማረኝ። የማንንም አልጠራህም። ሸይባውና ሰዎቹ ወስደው ቀበሩህ። እዚህ ሴት መቃብር አትገባምና የትኛው ድንጋይ ያንተ እንደሆነ አላውቅም። ከአጥሩ ውጭ እቆምና ሁሉንም አንድ ላይ ሰላም ብያቸው እመለሳለሁ። ሳትጨርሳት የቀረችኝ ያቺ የመጨረሻዋ ማሰሮ ነበረች፤ ስንጥቋ እስከ ግማሽ ተሰፍቶ፣ ሽቦው ተንጠልጥሎ፣ የቀሩት ቀዳዳዎች ባዷቸውን።

ጦይባ በስልክ ለቅሶ ደረሰችኝ። በቪዲዮ ነው የደወለችው፤ ስልኩን የያዘችላት ልጃችሁ ናት። ትልቅ ሴት ሆናለች፣ አገጭህን እንዳለ ወስዳዋለች። ተላቀስን። ታላቄ ናትና አንቱ እያልኩ አክብሬ ነው ያነጋገርኳት፤ ላንተ ስጽፍ ግን አንቱታውን ከኔ እንዳትጠብቅ። ወሬያችን ሊያበቃ ሲል የእጁ ሥራ ካለ ብታሳዪኝ አለች። ማሰሮዋን አንስቼ ስልኩ ፊት አዞርኳት። ላጽናናት ብዬ እንዳይመስልህ። በልቤ ይኸው፣ ላንቺ ያልደረሰሽ፣ ለኔ የደረሰኝ ልላት ነው።

ቆዪ አለችና ከግድግዳ ላይ አንድ አሮጌ የወተት መናጫ ቅል አውርዳ አቀረበችልኝ። ቅሉ ከአንገቱ እስከ ሆዱ ተሰንጥቆ በጅማት ተሰፍቷል። ጅማቱ ሁለት ቀዳዳ ሄዶ አንድ ይመለሳል። በተጋባን ዓመት እሱ ጥሎት ተሰነጠቀ፣ እኔ ስሰፋው እሱ በጉልበቶቹ መሀል ይዞልኝ ነበር፣ ስፌቱ የእናቴ ነው አለችኝ። ደግሞ እየሳቀች! እየሳቀች ታለቅሳለች። ኔትወርኩ እምቢ አለኝ ብዬ ዘጋሁት። ኔትወርኩ ምንም አልሆነ።

ድንቄም እጄ ያመጣው! እጅህ ከየት እንዳመጣው አሁን ገባኝ። ያን ሁሉ ዘመን የተቃጠለ ሞተር እየፈታታ ሽቦ የሚልጥልህ ማን ነበር? እኔ ነኝ። ጥፍሬ የተነቀለው፣ ጥርሴ የተሸረፈው የሷን ስፌት ላሰፋ ኖሯል። የፈይፋ ሴቶች ማሻአላህ ያሉት ለሷ። መህሬ ብዬ ራስጌዬ ያስቀመጥኩትም የሷን እጅ። አንጀቴ ቅጥል አለ። የመህሬን ማሰሮ ግቢ ውስጥ ልፈጠፍጠው ይዤው ወጥቼ ነበር፣ የሸይባው ሚስት ከውስጥ ሉባባ፣ ሉባባ ብላ በስሜ ስትጠራኝ መልሼ አስቀመጥኩት። ይመር ይሙት ብዬ ልምል አፌ ላይ ይመጣና እውጠዋለሁ፤ የምምልበትን ሰው እንኳ ይዘህብኝ ሄደሃል።

ጦይባ ብዙም ሳትቆይ ደግማ ደወለች። እዚህ ያለችው ጎረቤታችን ሐዋ ስደቱ በቃኝ ብላ ወሎ ልትገባ መሆኗን ሰምታለች፤ ያቺን የመጨረሻዋን ማሰሮ በሷ ብትልኪልኝ አለች። ምን ቆርጦኝ! መቃብርህን አላውቅ፣ ልጅ አልወለድኩልህ፣ እጅህ መጨረሻ የነካውን ደግሞ ልስጥ? ፊት ለፊት እምቢ ማለት ግን አቃተኝና ሰበብ ፈለግኩ። አገኘሁም፣ ሰበቡም እውነት ነበር። አንተው ትለው የነበረውን ነገርኳት። ይህ እንጨት የለመደው የቆላ ወበቅ ነው፣ ደጋ ከወጣ በበጋው ደረቅ ንፋስ እንደገና ይሰነጠቃል፤ ለማሰሮዋ አስቤ ነው እንጂ ለራሴስ ምን ትሠራልኛለች አልኳት። እስቲ ላስብበት አለች። በልቤ ጨፈርኩ።

እኔ ጋ ከቀረች ሙሉ ሆና ትቅር ብዬ ልጨርሳት ተቀመጥኩ። ፒንሳህን አወጣሁ፣ ሽቦ ላጥኩ፣ ጀመርኩ። እምቢ አለኝ። ስትሰፋ ስንት ጊዜ አጠገብህ ተቀምጫለሁ! ለካ ማየት ሌላ፣ መሥራት ሌላ ነው። ወደፊቱ ይሄድልኛል፤ መመለሻው ላይ ይላላብኛል፣ ሳጠብቀው ደግሞ ይበጠሳል። ካንተ ስፌት ጎን የኔው የሰከረ ሰው አካሄድ መሰለ። ፈታሁት። ደግሜ ሰፋሁ፣ ደግሜ ፈታሁ። ይህን ስፌት የሚያውቅ በሕይወት ያለ አንድ ሰው ነው፤ ማን እንደሆነች አንተም ታውቃለህ። አንዳንዴ ሆን ብለህ ነው የሠራህብኝ እላለሁ።

ጥርሴን ነክሼ ቆየሁና አንድ ቀን ከሰዓት፣ የሸይባው ሚስት ጋደም ስትል፣ ደወልኩ። ስልኩን የዘይት ጣሳህ ላይ አስደግፌ ማሰሮዋን በጉልበቶቼ መሀል ያዝኩ። ጦይባ አልተመጻደቀችብኝም። ብትመጻደቅብኝ እንዴት ደስ ባለኝ፣ ስድቤን አዘጋጅቼ ነበር! ሽቦ ይዛ ስለማታውቅ በቅሉ ጅማት ላይ እያመለከተች አሳየችኝ። ወደፊት ስትሄጂ ነው የምታጠብቂው፣ ስትመለሺ ለቀቅ አድርጊው አለችኝ። ነገሩ ይኸው ነው። ያኔ ትዝ አለኝ፤ አንተም መመለሻው ላይ ስትደርስ ትከሻህ ዝቅ ይል ነበር። ትከሻህን ያየሁት እኔ ነኝ፣ ለምን ዝቅ እንደሚል የምታውቀው ግን እሷ ናት።

እየሰፋሁ እሷ ትጠይቀኝ ጀመር። ሲሠራ ያንጎራጉር ነበር ወይ አለች። እንዴታ፣ ድምፁ ግን አይረባም አልኳት፤ ሳቀች፣ እኔ ጋ እያለ አያንጎራጉርም ነበር አለች። ሲተኛ ያንኮራፋ ነበር? ግድግዳው እስኪነቃነቅ አልኳት። ይህንንም አታውቅም ነበር። ሸብቶ ነበር ወይ አለች። ጢሙ ነው ቀድሞ የሸበተው፣ ሒና ሲቀባው ጆሮው ድረስ ይቀላ ነበር አልኳት። ከእኔ ሲለይ ጢሙ ገና እያቀመቀመ ነበር፣ ሽበቱን አላየሁለትም አለች። እኔ ያየሁት ልጁን ነው፣ ሰውየውን ያየሽው አንቺ ነሽ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ባንቺ ስቀና ነው የኖርኩት አለችኝ።

በኔ! ይመሬ፣ በኔ! እኔ አርሬ የምቀናባት ሴት በኔ ስትቀና ኖራለች። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፣ አላለኝም። ቅናቴን እንኳ ለብቻዬ አልተወችልኝም ብዬ ተናደድኩ። ሽቦውን ሳብ ሳብ አደረግኩና እንደገና በጠስኩት፤ እሷም ምንም ሳትል ከመጀመሪያው ደግማ አሳየችኝ።

ስፌቱ ሲያልቅ ማሰሮዋን አዙሬ አሳየኋት። ያንተ የት ላይ እንደቆመ፣ የኔ የት ላይ እንደጀመረ ያስታውቃል፣ የኔው ትንሽ ያብጣል። ቆንጆ ነው አላለችም። አይላቀቅም አለች፣ ከሷ ይህ ትልቅ ምርቃት መሆኑ ገብቶኛል። ከዚያ ስለ ደጋው ንፋስ የነገርኳትን አነሳች። ይሰንጠቃ፣ አለች። ይሰንጠቅ፣ እሰፋዋለሁ።

ይህቺ ቃል ጆሮዬ ውስጥ ቀረች። እኔ ክፍል ብትቀር ወበቁ ይይዛታል። አትሰነጠቅም፣ አትጎድልም፣ እኔም አቧራዋን ከመጥረግ በቀር የምሠራላት አይኖረኝም። እዚያ ግን በጋ በመጣ ቁጥር ትከፈታለች፣ ጦይባም ወስፌዋን አንስታ ትቀመጣለች። ካንተ ጋር ሥራ ይኖራታል። እኔ አይኖረኝም። እስከዛሬ የቀናሁት ሁሉ ከዚህ ጋር ሲተያይ ጨዋታ ነበር።

ሐዋ የምትሄድበት ቀን ደረሰ። ሻንጣዋን ቆልፋ በሬ ላይ ቆመች፤ ያላ ሉባባ፣ መኪናው እየጠበቀኝ ነው፣ ትሰጪኛለሽ ወይስ ልሂድ? አለችኝ። ሰጠኋት። መልሼ ቀማኋት። ሐዋ ይቺ ልጅ ጤናም የላት ብላ ዓይኗ ፈጠጠ። ስልኬን አወጣሁና ጦይባ ጋ ደወልኩ። አንቱታውን ትቼ አንቺ አልኳት። ስሚኝ ጦይባ፣ እልክልሻለሁ፤ ግን በተሰነጠቀች ቁጥር ለኔ ሳትደውዪ፣ ስንጥቁን ሳታሳዪኝ ወስፌ እንዳታስነኪያት፤ የአንዱን ቀዳዳ ቦታ አንቺ ካልሽ የቀጣዩን እኔ እላለሁ፣ ወላሂ በይኝ አልኳት። ወላሂ አለች። ልጃችሁም ከጎን፣ በዚያ አገጭህ፣ ወላሂ አለች። ሐዋ ማሰሮዋን በቀሚሷ ጠቅልላ ሄደች። እኔም በሬን ዘግቼ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅኩ። ሐዘን ብቻ እንዳይመስልህ፣ ግማሹ ንዴት ነው።

ማሰሮዋ በደህና ገብታለች። ትናንት ጦይባ ደወለች። ተሰነጠቀች ማለት ነው ብዬ ፒንሳውን ይዤ እየሮጥኩ አነሳሁት። አልተሰነጠቀችም። እነሱ ጋ ክረምቱ ገና አልወጣም፣ ንፋሱም አልጀመረም። ዝም ብላ ነው የደወለችው። ስላንተ አወራን፤ እሷ ስለ ያኔው ልጅ፣ እኔ ስለ ሰውየው። ሰው ፊት ስላንተ ሳነሳ ጥቂት ሰምተው አብሽሪ፣ አላህ ያጽናሽ ብለው ወሬ ይቀይሩብኛል። እሷ አትቀይርም። እሺ፣ ከዚያስ? ትለኛለች።

አልረሳህም፣ ይመሬ። እዚህ አጥር ጥግ እየቆምኩ ዱዓ አደርግልሃለሁ፣ ስምህን በየሰላቴ አነሳለሁ፣ ድምፅህንም ማንኮራፋትህንም እስክሞት ይዤው እኖራለሁ። እሷም አትረሳህም፤ የሚያናድደኝ እሱ ነው።

ያንተው ሉባባ